ከሀዋሳ እስከ ኪጋሊ፦ አራት አገር በ16 ቀን ይሆናል ወይ?

የደረሰኝ ጥያቄ ባጭሩ ይህን ይላል። «እኔ፣ ባለቤቴና እናቴ ነን። የምንኖረው ሀዋሳ ነው። በ2019 የፋሲካ ሰሞን በመንገድ ተነስተን ኬንያን፣ ታንዛንያን፣ ኡጋንዳንና ሩዋንዳን ማየት እንፈልጋለን። ያለን ጊዜ 16 ቀን ነው። እናቴ ስድሳዎቹን አልፈዋል፤ ጤነኛ ናቸው፣ ጾም ግን አይገድፉም። ከፋሲካ በፊት እንሂድ ወይስ በኋላ? በራሳችን መኪና ቢሆንስ? ወቅቱ ዝናብ ነው ይሉናል፤ እውነት ነው? ቪዛውስ?»

መልሴን ከመጨረሻው ልጀምር። ታንዛንያን ተዉት። ቀሪዎቹን ሦስት አገሮች በአንድ አቅጣጫ ሂዱ። በሞያሌ በመንገድ ወጥታችሁ፣ ከኪጋሊ በአውሮፕላን ተመለሱ። መኪናችሁ ሀዋሳ ይቁም። የምትነሱት ከፋሲካ በኋላ ይሁን። አሁን ምክንያቶቼን ላስረዳ፤ አንዳንዱ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ።

እኔ የጉዞ እቅድ ሳወጣ ካርታ ከመዘርጋቴ በፊት የቀን መቁጠሪያ አያለሁ። በ2019 የእኛ ፋሲካ ሚያዝያ 24 ይውላል። የምዕራባውያኑ ግን መጋቢት 19 ውሎ ያልፋል። ከአንድ ወር በላይ ልዩነት አለ ማለት ነው። ይህ ለእናንተ ትልቅ ነገር ነው። በእነሱ ፋሲካ ሰሞን የናይሮቢ ሰው ወደ ገጠርና ወደ ባሕር ዳርቻ ይጎርፋል። አውቶቡስ ይጠፋል፤ የአልጋ ዋጋ ይሰቀላል። እናንተ ስትደርሱ ያ ግርግር የለም።

ሩዋንዳ ደግሞ ሌላ ቀን አላት። በየዓመቱ ከመጋቢት 29 ጀምሮ ለአንድ ሳምንት በ1986 ዓ.ም. በዘር ጭፍጨፋ ያለቁትን ወገኖቿን ታስባለች። በዚያ ሳምንት ጭፈራ የለም፣ ሠርግ የለም፣ ከተማው በሐዘን ይውላል። ሐዘናቸውን ለመካፈል የሚሄድ ሰው ይሂድ፤ ለእረፍት ግን ጊዜው አይደለም። በየወሩ የመጨረሻ ቅዳሜ ደግሞ መላው አገር «ኡሙጋንዳ» ለሚሉት የኅብረት ሥራ ይወጣል። ጠዋት ሱቁም መንገዱም ጭር ይላል። በግንቦቱ ጉዟችሁ ይህ ቅዳሜ የሚውለው ግንቦት 21 ነው። እናንተ ያኔ ቤታችሁ ገብታችኋል።

የእናትዎም ነገር በዚሁ ይፈታል። ከፋሲካ በፊት ከሄዳችሁ ሁዳዴ ላይ ናችሁ። የጾም ምግብ ጠፍቶ አይደለም። ኬንያ ባቄላና ጎመን፣ ኡጋንዳ ማቶኬ የሚሉት የበሰለ አረንጓዴ ሙዝ በኦቾሎኒ መረቅ በየቦታው አለ። ችግሩ ወጥ ቤቱ ነው። ጎመኑ ከሥጋው ጋር በአንድ ድስት መሠራት አለመሠራቱን በየምሳው መጠየቅ አለባችሁ። ቻፓቲ የሚሉት ቂጣ ወተት ይግባበት አይግባበት አይታወቅም። እናትዎ እንዲህ ያለውን ነገር በዝምታ ያልፉና ሙዝ በልተው ያድራሉ። በበዓለ ሃምሳ ግን ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። ፋሲካን ከቤተሰብ ጋር ውላችሁ፣ ዶሮው ሳይረሳ ማክሰኞ ሚያዝያ 26 ብትነሱ በደስታ ይሄዳሉ። በማግስቱ ሚያዝያ 27 የአርበኞች ቀን ነው። ከፈቃዳችሁ አንድ ቀን ታተርፋላችሁ።

ዝናቡ እውነት ነው። ከመጋቢት እስከ ግንቦት የምሥራቅ አፍሪካ ረጅሙ የዝናብ ወቅት ነው። የሚከብደው በሚያዝያ ነው። ቦረናም ዋናውን ዝናቡን የሚያገኘው በዚሁ ሰሞን ነው። ወደ ግንቦት አጋማሽ ሲኬድ እየቀለለ ይመጣል፤ ሙሉ በሙሉ ግን አይቆምም። ብዙውን ጊዜ ጠዋቱ ብራ ይሆንና ከሰዓት በኋላ ይወርዳል። ስለዚህ መንገዱንም ጉብኝቱንም ጠዋት ጠዋት ጨርሱ። ከሰዓት የእረፍት ነው።

ዝናብ ሲባል የሚደነግጥ ሰው አውቃለሁ። እኔ ግን ይህን ሰሞን እወደዋለሁ። አገሩ ለምለም ነው። ቦረናን አቧራ ሆኖ ያየ ሰው በግንቦት ሲያየው ሌላ አገር ይመስለዋል። ጎብኚ ስለሚያንስ ሆቴሎች ዋጋ ይቀንሳሉ፤ ስልክ ደውሎ መከራከርም ያዋጣል። የኬንያው የዱር አራዊት ፓርክ ማሳይ ማራ እንኳ የውጭ ጎብኚን እስከ ጁን መጨረሻ በቀን 100 ዶላር አስከፍሎ ከጁላይ ጀምሮ 200 ያደርገዋል።

ይሁን እንጂ ማራን በዚህ ጉዞ አላስገባሁላችሁም። በፊልም የምታዩት የአውሬ መንጋ ወንዝ ሲያቋርጥ የሚታየው ከሐምሌ ጀምሮ እስከ መስከረም ገደማ ነው። በግንቦት አንበሳውም ዝሆኑም አለ፤ ያ መንጋ ግን ታንዛንያ በኩል ነው። አፈሩ ደግሞ መረሬ ነው። ዝናብ ሲያገኘው ጎማ ይይዛል። ከናይሮቢ ሄዶ ለመመለስ ሁለት ቀን ሙሉ መንገድ ላይ ያልቅባችኋል። እናት ይዞ እዚያ ጭቃ ውስጥ መግባት ደስ አይልም።

ታንዛንያን ያወጣኋትም በተመሳሳይ ምክንያት ነው። ሴሬንጌቲና ዛንዚባር ተቆርሰው የሚታዩ ቦታዎች አይደሉም። በሚያዝያና በግንቦት በዛንዚባርና በባሕሩ ዳርቻ ያሉ ብዙ ሆቴሎች ለዝናቡ ብለው ይዘጋሉ። በጥርና በየካቲት ብትሄዱ ግን በደቡብ ሴሬንጌቲ የዱር እንስሳቱ ሲወልዱ ታያላችሁ፤ ባሕሩም ብራ ነው። ታንዛንያ ለብቻዋ አንድ ፈቃድ ይገባታል። ደግሞም አንድ ድንበር በጨመራችሁ ቁጥር ግማሽ ቀን በወረፋ፣ ግማሽ ቀን በመንገድ ይሄዳል። አራት አገር አየን ለማለት ሲባል ሁሉንም በመስኮት ማየት ይመጣል።

አሁን ወደ መኪናው። የራስን መኪና ይዞ መሄድ ያምራል፤ ይገባኛል። ግን ኬንያና ኡጋንዳ የሚነዱት በግራ በኩል ነው። የእናንተ መኪና መሪው በግራ ነው። በሁለት አቅጣጫ መንገድ ላይ የጭነት መኪና ቀድሞ ለማለፍ ሹፌሩ ማየት አይችልም፤ ጎኑ የተቀመጠው ሰው ነው የሚያይለት። ከሞያሌ ወደ ደቡብ የሚወስደው የማርሳቢት መንገድ ባዶ ስለሆነ ይቻል ይሆናል። ከናኩሩ በኋላ ግን ከሞምባሳ ወደ ኡጋንዳ የሚጫነው ዕቃ ሁሉ በዚያ ነው የሚያልፈው። በዚያ ላይ የጉምሩክ ወረቀት አለ፤ በየአገሩ የሚሠራ የኮሜሳ ቢጫ ካርድ ኢንሹራንስ መግዛት አለ። ከሁሉም በላይ መኪና ይዞ የሄደ ሰው መኪናውን ይዞ መመለስ አለበት። ያ ማለት ከ16ቱ ቀን ግማሹ ያያችሁትን መንገድ መልሶ ማየት ነው።

ስለዚህ እስከ ሞያሌ ከሀዋሳ መኪና ከነሹፌሩ ተከራዩ። ከዚያ ወዲያ በየአገሩ የዚያን አገር መኪናና ሹፌር ያዙ። አንድ መኪና ድንበር አሻግሮ ሦስቱንም አገር ከመዞር ይህ ይረክሳል። ድንበር ላይ አንዱ ያወርዳችኋል፣ ወዲያ ማዶ ሌላው ይጠብቃችኋል። የሁለቱን ሹፌሮች ስልክ ቀድማችሁ ያዙ፤ እርስ በርስ ይነጋገሩ።

ቪዛ ላይ ደስ የሚል ዜና አለ። ኬንያ ለኢትዮጵያ ፓስፖርት ቪዛ አትጠይቅም። ሩዋንዳም ለአፍሪካውያን በሯን ክፍት አድርጋለች፤ ለ30 ቀን ያለ ክፍያ ትገባላችሁ። ኡጋንዳ ግን ትጠይቃለች። ማመልከቻው በኢንተርኔት ነው፤ ከመነሳታችሁ በፊት ማለቅ አለበት። የአንድ ጊዜ መግቢያው 50 ዶላር ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ብዙ ሰው፣ አንዳንድ ጉዞ አዘጋጆችም ጭምር፣ የምሥራቅ አፍሪካ የጋራ ቪዛ እንድታወጡ ይመክሯችኋል። ኬንያን፣ ኡጋንዳንና ሩዋንዳን ለ90 ቀን ያዞራል፤ ዋጋው 100 ዶላር ነው። ለአውሮፓ ፓስፖርት ጥሩ ነገር ነው። ለእናንተ ግን ከሦስቱ ሁለቱ ነፃ ናቸው። በነፃ ለምትገቡባቸው አገሮች በሰው 50 ዶላር ትርፍ መክፈል ነው። የኡጋንዳው ለብቻው ይበቃችኋል፤ ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚያስገባው። ሩዋንዳ ደርሳችሁ በኡጋንዳ በኩል በመንገድ መመለስ ብታስቡ ሌላ ቪዛ ልትከፍሉ ነው። በአንድ አቅጣጫ ሂዱ ያልኩበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ፓስፖርታችሁ ከመመለሻ ቀናችሁ በኋላ ቢያንስ ስድስት ወር ይኑረው። ከፓስፖርቱ እኩል የሚያስፈልጋችሁ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ነው። ይህን ካርድ የሚንቅ ሰው ብዙ ነው፤ ድንበር ላይ ግን ከቪዛ በላይ የሚያስቸግር እሱ ነው። ክትባቱ የሚጸናው ከተወጉ ከ10 ቀን በኋላ ነው፤ ስለዚህ ለመጨረሻው ሳምንት አይተውም። አንዴ ከተወጋችሁ የዕድሜ ልክ ነው። የድሮ ካርድ ካላችሁ «10 ዓመት» የሚል ተጽፎበት ቢሆን እንኳ ከ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ያ ገደብ ቀርቷል። እናትዎ ስድሳን ስላለፉ ግን መጀመሪያ ሐኪም ያማክሩ። በዚያ ዕድሜ ይህ ክትባት የሚሰጠው ታስቦበት ነው። በዚያው ስለ ወባ መከላከያ ክኒንም ይጠይቁ። ኡጋንዳ ውስጥ የምታድሩባቸው ጂንጃና ካምፓላ ዓመቱን ሙሉ ወባ አለ።

መንገዱን ልንገራችሁ።

ማክሰኞ ማለዳ ከሀዋሳ ወጥታችሁ በዲላና በሀገረ ማርያም አድርጋችሁ ያቤሎ እደሩ። ከመነሳታችሁ በፊት በነበረው ቀን ስለ መንገዱ ሁኔታ የሞያሌ መስመር ሹፌሮችን መናኸሪያ ሄዳችሁ ጠይቁ። እነሱ ትናንት ያለፉበትን ነው የሚነግሯችሁ። ማታ አትጓዙ፤ ይህ በመላው ጉዟችሁ የሚሠራ ሕግ ነው።

ያቤሎና ሜጋ መካከል ሌላ የትም የማይገኝ ወፍ አለ፤ ግራጫ ሆኖ ዓይኑ ዙሪያ ሰማያዊ ነው። በየግራሩ ላይ እሾህ ቆልሎ ትልቅ ጎጆ ይሠራል። ሹፌሩ ዝግ እንዲል ንገሩት። ከዱብሉቅ ወጣ ብሎ ደግሞ ኤል ሶድ አለ። ጉድጓዱ ጭው ያለ ነው፤ ታች ጥቁር የጨው ሐይቅ ይታያል። ሰዎች ጨውን ከሥሩ እየጠለቁ ያወጡና በአህያ ያጓጉዙታል። እናትዎ ወደ ታች መውረድ የለባቸውም፤ መውጣቱ ጉልበት ይጨርሳል። ከአፋፉ ማየቱ ይበቃል።

ሞያሌ ረቡዕ ከሰዓት ትደርሳላችሁ። ሁለቱ አገሮች የጋራ የድንበር ኬላ ስላላቸው ሥራው እንደ ድሮው አያለፋም። አደጋው ሌላ ነው። የሞያሌ ሰው ወዲህና ወዲያ ሲመላለስ የሚጠይቀው የለም። ዘመዱ ማዶ ነው፣ ገበያው ማዶ ነው። ከሰው ጋር አብራችሁ ስትራመዱ ማኅተም ሳይመታላችሁ ኬንያ ልትገቡ ትችላላችሁ። ቀላል ይመስላል። ማርሳቢት መንገድ ላይ ፖሊስ ፓስፖርት ሲጠይቅ ወይም ቡሲያ ላይ ኡጋንዳ ልትገቡ ስትሉ ግን «በየት ገባችሁ?» ይመጣል። ከመስኮቱ ዘወር ሳትሉ ፓስፖርቱን ገልጣችሁ እዩ። የኢትዮጵያ መውጫ አንድ፣ የኬንያ መግቢያ አንድ። የሦስታችሁም። የተሰጣችሁን የቀን ብዛትም አንብቡ።

ብራችሁን እዚያው ሞያሌ ቀይሩ። ከዚያ ወዲያ የሚቀበላችሁ የለም። የኬንያ ሲም ካርድ በፓስፖርት አውጡና ኤምፔሳ ክፈቱ። ናይሮቢ ከታክሲ እስከ ጉሊት ሽንኩርት የሚከፈለው በእሱ ነው። ከኢትዮጵያ ባንክ ዶላር ስትገዙ ፓስፖርትና የአውሮፕላን ቲኬት ያስፈልጋችኋል፤ የኪጋሊው የመመለሻ ቲኬት እዚህም ይጠቅማል። ዶላሩን ስትቀበሉ የታተመበትን ዓመት ተመልከቱ። ከ2006 እ.ኤ.አ. በፊት የታተመ ኖት ኡጋንዳና ሩዋንዳ አይቀበሉም፤ አዲሱን ጠይቁ። የተቀደደ፣ የተጻፈበት፣ የታጠፈ አትያዙ። ለምንዛሪ ትላልቁ ኖት የተሻለ ዋጋ ያገኛል።

ከሞያሌ እስከ ኢሲዮሎ ያለው 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ዛሬ አስፋልት ነው። ድሮ ሰው ስሙን ሲሰማ የሚፈራው መንገድ ነበር። የሌሊት አውቶቡሶች በአንድ ምት ናይሮቢ ያስገባሉ፤ እኔ ግን ማርሳቢት አድራችሁ እንድትሄዱ እፈልጋለሁ። ጠፍ በረሃውን ለሰዓታት ስትነዱ ቆይታችሁ ድንገት ደን የለበሰ ተራራ ትወጣላችሁ። ጠዋት ጭጋግ ውስጥ ነው የምትነቁት። እዚያ ደን ውስጥ አሕመድ የሚባል ጥርሱ መሬት የሚነካ ዝሆን ይኖር ነበር። ጆሞ ኬንያታ በፕሬዚዳንት አዋጅ ጠባቂ መድበውለት በ1974 እ.ኤ.አ. በተፈጥሮ ሞተ። ልክ በቁመቱ የተሠራ ምስሉ ናይሮቢ ብሔራዊ ሙዚየም ግቢ ውስጥ ቆሟል። ቦታውን አይታችሁ ሄዳችሁ ምስሉን ስታዩት ስሜቱ ይለያል።

ዓርብ ናንዩኪ እደሩ። ከተማው ከምድር ወገብ ጥግ ነው፤ ከኬንያ ተራራ ሥር። ጫፉ 5,199 ሜትር ነው። በግንቦት ደመና ይይዘዋል፤ ማለዳ 12 ሰዓት ተነስታችሁ ብታዩ ግን ሊገለጥላችሁ ይችላል። ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ናይሮቢ ናችሁ።

ናይሮቢ ሁለት ቀን ተኩል ይበቃታል። እሑድ ጠዋት ብሔራዊ ፓርኩ ግቡ። ከ1946 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነው፤ ከተማው ጥግ ነው። ቀጭኔና አውራሪስ ፎቅ ከጀርባቸው ቆሞ ታያላችሁ። ማራን የተወ ሰው እዚህ ይካሳል። ሼልድሪክ የሙት ዝሆኖች ማሳደጊያ የሚከፈተው በቀን ለአንድ ሰዓት፣ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 5 እስከ 6 ብቻ ነው። ቀድሞ መመዝገብ ግድ ነው። ጡጦ የሚጠባ ዝሆን ማየት ለእናትዎ ከማንኛውም ሳፋሪ ይበልጥባቸዋል። እንጀራ ሲናፍቃቸው ኢስትሊ ሂዱ፤ ካምፓላ ስትደርሱ ደግሞ ካባላጋላ።

ማክሰኞ ናይቫሻ፣ ረቡዕ ናኩሩ። ሁለቱም እንደ ሀዋሳ ሐይቅ የስምጥ ሸለቆ ልጆች ናቸው። ናይቫሻ ጨዋማ አይደለም፤ ጉማሬው ማታ ሣር ሊግጥ ወደ ሆቴሉ ግቢ ይወጣል። ናኩሩ ግን እንደ አቢያታ ጨዋማ ነው። ለፍላሚንጎ ብላችሁ ብቻ አትሂዱ። ባለፉት ዓመታት ሐይቁ ሞልቶ ጨዉ ቀጠነ፤ ወፎቹም የሚበሉት ደቃቅ አልጌ ሲያንስባቸው ብዙዎቹ ወደ ቦጎሪያ ሐይቅ ሄዱ። የናኩሩ ሀብት አሁን አውራሪሱ ነው። ጥቁሩም ነጩም አለ፤ በአንድ ጠዋት ታዩታላችሁ።

የጉዞው ከባድ ቀን ሐሙስ ግንቦት 5 ነው። ከናኩሩ እስከ ጂንጃ 400 ኪሎ ሜትር አለፍ ይላል፤ መሐሉ ላይ ድንበር አለ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ውጡ። በማላባ ሳይሆን በቡሲያ ሂዱ። ማላባ የጭነት መኪናዎች ሰልፍ ኪሎ ሜትሮች ይረዝማል። በቡሲያ የምትሄዱበት መንገድ በኬሪቾ የሻይ ማሳ መሐል ነው የሚያልፈው። አረንጓዴው የተቆረጠ ምንጣፍ ነው የሚመስለው፤ ቀጥሎ ኪሱሙ ላይ የቪክቶሪያን ሐይቅ ታያላችሁ። እናትዎ ደከመኝ ካሉ ኪሱሙ እደሩና ጂንጃን አንድ ሌሊት ቀንሱላት። ይህን ቀድማችሁ ለሹፌሮቹ ንገሩ።

ጂንጃ ላይ ነው ለአንድ ሙሉ ቀን ምንም እቅድ ሳይኖራችሁ እንድትቀመጡ የምፈልገው። ነጭ አባይ ከቪክቶሪያ ሐይቅ የሚወጣው እዚህ ነው። እኛ ከጣና የሚወጣውን እንጂ ይህንን ወንድሙን በቅርብ አናውቀውም። ሁለቱ ካርቱም ላይ ይገናኛሉ። በጀልባ ወደ መውጫው ስትሄዱ ሐይቁ መቼ ወንዝ እንደሆነ ልብ ብላችሁ ተከታተሉ። ውሃው ዝም ብሎ ይቆይና አንድ ቦታ ላይ ከሥሩ እየተገለበጠ መጎተት ይጀምራል። ድሮ እዚያ ፏፏቴ ነበር፤ በ1954 እ.ኤ.አ. ግድቡ ሲሠራ ውሃ ዋጠው። ጠዋት ስትሄዱ ዓሣ አጥማጆቹ ከነመረባቸው ናቸው፤ አሞራ ገደል ያደገ ሰው ሥራቸውን ቆሞ ያያል። በሐይቁ ዳር ግን አትዋኙ፤ ቢልሃርዚያ አለ።

ካምፓላ ለአንድ ሌሊት ብቻ። የመኪና መጨናነቁ ያደክማል። ጊዜ ካላችሁ ኡጋንዳ ውስጥ ያለው የቡጋንዳ መንግሥት ነገሥታት መቃብር ያለበትን ካሱቢን እዩ። በ2010 እ.ኤ.አ. ተቃጥሎ እንደገና በሣር የተከደነ ነው። ባርኔጣ የሚያህል ሳይሆን ኮረብታ የሚያህል ጎጆ ነው።

እሑድ ወደ ቡንዮኒ ሐይቅ። ከካምፓላ እስከ ካባሌ፣ ሐይቁ አጠገብ እስካለችው ከተማ፣ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ መንገድ ላይ ካያብዌ የምድር ወገብን ዳግም ታቋርጣላችሁ። ቡንዮኒ 29 ደሴቶች አሉት። አዞም ጉማሬም የለበትም። ከፍታው 1,900 ሜትር አለፍ ስለሚል ማታ ይበርዳል፤ ለእናትዎ ጋቢ ይያዙ። ሰኞን እዚያ አሳልፉት። ጎሪላ ማየት ከፈለጋችሁም ቀኑ ይህ ነው፤ የብዊንዲ ደን ቅርብ ነው። ለውጭ አገር ሰው ኡጋንዳ 800፣ ሩዋንዳ 1,500 ዶላር ያስከፍላሉ። ለአፍሪካ ፓስፖርት ግን ዝቅ ያለ ታሪፍ አለ። ሁለቱም ጋ በስም ጠይቁት፤ ብዙ አስጎብኚ ካልተጠየቀ አያነሳውም። ፈቃዱን ከወራት በፊት ያዙ። ከጎሪላው ጋር የሚፈቀደው አንድ ሰዓት ነው፤ በቡድን ከስምንት ሰው አይበልጥም። ግን እርጥብ ገደል ላይ ለሰዓታት መሄድ ሊኖር ይችላል። እናትዎ ሐይቁ ዳር ይቆዩ። ገንዘቡ ካልበቃችሁ ሳይቆጫችሁ ተዉት፤ ይህ ጉዞ ያለ ጎሪላም ሙሉ ነው።

ማክሰኞ በካቱና ሩዋንዳ ግቡ። እዚያ ድንበር ላይ መኪናው ወደ ቀኝ ይመለሳል፣ ሰዓቱም አንድ ወደ ኋላ። ሰዓት ካነሳሁ አይቀር፦ በስዋሂሊ የሚቆጠረው ሰዓት እንደ እኛው ነው፤ ጠዋት አንድ ሰዓት አንድ ነው። በእንግሊዝኛ የሚያወራችሁ ግን ሰባት ይላችኋል፤ ቲኬት ላይም 7፡00 ነው የሚጻፈው። የአውቶቡስ ሰዓት ስትቀጥሩ በየትኛው እንደሆነ ደግማችሁ ጠይቁ። ጠዋት ነው ማታ ብላችሁም ጨምሩ።

ፌስታል ግን ከነአካቴው አትያዙ። ሩዋንዳ ከ2008 እ.ኤ.አ.፣ ኬንያ ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከልክለዋል። የኬንያው ቅጣት ከባድ ነው። የእኛ ሰው ዳቦ ቆሎውን፣ በሶውን፣ በርበሬውን የሚቋጥረው በፌስታል ነው፤ እናትዎም እንዲያ ማድረጋቸው አይቀርም። ሀዋሳ ሳላችሁ ወደ ጨርቅ ከረጢትና ክዳን ወዳለው ዕቃ አዛውሩት።

ኪጋሊ ላይ ጊሶዚ ያለውን መታሰቢያ ሳታዩ አትመለሱ። ከ250,000 በላይ ሰዎች ያረፉበት ቦታ ነው። ጠዋት ሂዱ፤ ከዚያ በኋላ ሌላ ጉብኝት አትያዙ። የሕፃናቱ ክፍል ከባድ ነው፤ እናትዎ መግባት ካልፈለጉ አትክልቱ ውስጥ መቀመጫ አለ። ኮንጎ ውስጥ ወዳለችው ጎማ ከተማ ስለሚያሻግረው ድንበር ሰው ቢያወራችሁ አትስሙ፤ አሁን የእረፍት ቦታ አይደለም።

ረቡዕ ግንቦት 11 ማታ ትበራላችሁ። ቲኬቱን ከኪጋሊ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ሀዋሳ ብላችሁ በአንድ ላይ ግዙት። ለየብቻ ከገዛችሁትና የመጀመሪያው ከዘገየ፣ ሁለተኛው በእናንተ ኪሳራ ነው። በአንድ ቲኬት ከሆነ ግን አየር መንገዱ ነው የሚያስተካክለው። ይኸው ቲኬት ኡጋንዳና ሩዋንዳ መግቢያ ላይ «መመለሻችሁስ?» ሲሏችሁ መልስ ይሆናል።

አሁን የምትጀምሩት በዚህ ቅደም ተከተል ነው። ፓስፖርታችሁን እዩ፤ ጊዜው ካጠረ ዛሬውኑ ለማሳደስ አመልክቱ። ከዚያ የቢጫ ወባ ክትባት። ከዚያ የኪጋሊ ቲኬት። የኡጋንዳ ማመልከቻ የክትባቱን ካርድ ስለሚጠይቅ መጨረሻ ላይ ይመጣል፤ ከመነሳታችሁ ሦስት ሳምንት በፊት አስገቡት። የተፈቀደበትን ወረቀት አትማችሁ ሦስት ሦስት ቅጂ ያዙ። ቡሲያ ላይ ኔትወርክ ሲጠፋ ስልክ ላይ ያለ ወረቀት አይሠራም።